ረግረግ ላይ የሚቆም ዛፍ፦ ስለ ጥቁር አሽና ስለ ጎጃም ጨፌዎች

ጨፌ ዳር ወይም ምንጭ ራስጌ ላይ ዛፍ ሊተከል ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ቶሎ የሚደርሰው የትኛው ነው?» የሚል ነው። አጣና ተሽጦ ልጅ በሚዳርበትና ቤት በሚሠራበት አገር ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ውኃ የሚያቁር መሬት ላይ ግን ከእሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የዚህ ዛፍ ሥር ውኃ ውስጥ ስንት ሳምንት መቆየት ይችላል? ካደገ በኋላስ ከመሬቱ ምን ያህል ውኃ ይጠጣል? ሁለቱ ሳይመለሱ የተተከለ ዛፍ ወይ ራሱ ይሞታል፣ ወይ ጨፌውን ያደርቃል።

እነዚህን ጥያቄዎች ከሁሉ አጥርቶ የሚመልስ የማውቀው ዛፍ የሚበቅለው ከእኛ ርቆ ነው። ጥቁር አሽ ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፍራክሲነስ ኒግራ ነው። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ በካናዳ ከኒውፋውንድላንድ እስከ ማኒቶባ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከሚኔሶታና ከሚቺጋን እስከ ዌስት ቨርጂኒያ ይገኛል። ጎጃም ውስጥ በዱር አይበቅልም። የቅርብ ዘመዱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየደብሩ ቅጥር የቆመው ወይራ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ሁለቱም ቅርንጫፎቻቸውን ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ አድርገው ያወጣሉ። ባሕርያቸው ግን የተራራቀ ነው፤ ወይራ ውኃ የሚያሳልፍ ቁልቁለትና ድንጋያማ መሬት ይመርጣል፣ ጥቁር አሽ ደግሞ ወይራ በአንድ ክረምት በሚሞትበት ማጥ ላይ ዘመኑን ይጨርሳል።

ዛፉ ግዙፍ አይደለም። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሜትር ነው፤ ግንዱ ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ ቅርፊቱ ግራጫና ለስላሳ ቅርፍርፍ ያለው ሲሆን በእጅ ሲታሽ ይረግፋል። በአንድ የቅጠል ዘንግ ላይ ከ7 እስከ 11 ትንንሽ ቅጠሎች ይደረደራሉ። የጎኖቹ ቅጠሎች የራሳቸው እጀታ የላቸውም፣ በቀጥታ ዘንጉ ላይ ይቀመጣሉ፤ አረንጓዴ አሽ ከሚባለው ዘመዱ በዚህ ይለያል። እምቡጡ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ነው። ፍሬው ጠፍጣፋና ክንፋም ሲሆን፣ ክንፉ ዘሩን እስከ ሥሩ ድረስ ከቦ ይይዘዋል። በጸደይ ዘግይቶ ቅጠል ያወጣል፣ በመጸው ከሌሎች ቀድሞ ያረግፋል። ይህን ባሕርዩን ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ ስለ ውኃው ስናነሳ እንፈልገዋለን።

የሚበቅለው በረግረግ፣ በጅረት ዳርቻና በበሰበሰ ዕፅዋት ክምችት በተሞላ ጥቁር አፈር ላይ ነው። ውኃ ጨርሶ ከማይንቀሳቀስበት ይልቅ ቀስ ብሎም ቢሆን የሚያልፍበትን ቦታ ይወዳል። ምክንያቱ አየር ነው። የዛፍ ሥር እንደ ማንኛውም ሕያው ነገር ይተነፍሳል። አፈር በውኃ ሲሞላ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው አየር ይወጣል፤ የቀረችውንም ጥቂት ኦክስጅን ሥሩና ተሕዋስያኑ በጥቂት ቀናት ይጨርሷታል። የሚንቀሳቀስ ውኃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ይመጣል፣ የቆመ ውኃ አያመጣም። ጥቁር አሽ ይህን የሚቋቋመው ሥሩን ጥልቅ ሳይሰድ ከላይ በመዘርጋት ነው። ግንዱ ላይ ያሉት መተንፈሻ ቀዳዳዎች ጎርፍ ሲበዛ ያብጣሉ፣ አዳዲስ ሥሮችም ከውኃው ወለል አጠገብ ይወጣሉ። ዋጋውን ግን ይከፍላል፤ ሥሩ ከላይ ስለሆነ ብርቱ ነፋስ በቀላሉ ይጥለዋል፣ እድገቱም አዝጋሚ ነው።

ዘሩን ማብቀል ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍሬው ሲረግፍ ውስጡ ያለው ጽንስ ገና አልጎለመሰም፤ ስለዚህ በዱር የሚበቅለው ብዙውን ጊዜ ከረገፈ በሁለተኛው ጸደይ ነው። በችግኝ ጣቢያ ይህን ለማሳጠር ዘሩ እርጥበት ካለው አሸዋ ጋር ይደባለቅና መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ 60 ቀን ያህል ይቀመጣል። ጽንሱ የሚያድገው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ 5 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ 90 ቀን ያህል ይቆያል። ሙቀቱን ዘለው በቀጥታ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚከቱ ሰዎች ምንም ሳይበቅልላቸው ይቀራል፤ ቅዝቃዜው የሚቀሰቅሰው የበሰለ ጽንስን ነው፣ ያልበሰለውን አያበስለውም። አሸዋው ሲጨበጥ ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ሻጋታ ይይዘዋል። በመሐል ከደረቀ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። በዚያ ላይ ዛፉ በየዓመቱ በደንብ አያፈራም፤ በጥሩ ምርት መካከል ብዙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው ዘር የተገኘበት ዓመት መታለፍ የሌለበት።

ይህን ዛፍ ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ዋባናኪ፣ አኒሺናቤና ሆዴኖሾኒ የሚባሉት። ቅርጫት ይሠሩበታል። እኛ ዘንድ ሰፌድና ሞሰብ ከአክርማና ከስንደዶ ይሰፋል፤ እነሱ የሚጠቀሙት የግንዱን እንጨት ነው። አሠራሩ አስደናቂ ነው። ጉጥ የሌለበት፣ ቀጥ ያለ ግንድ ተመርጦ ይቆረጣል፣ እንዳይደርቅም ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ ግንዱ በምሳር ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ምት በምት ላይ እየተደረበ ይወቀጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያድገው እንጨት ሁለት ክፍል አለው፤ በጸደይ የሚበቅለው በሰፋፊ ቱቦዎች የተሞላና ልል ነው፣ በእነሱ በጋ፣ በሞቃቱ ወራት፣ የሚበቅለው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ምቱ ልሉን ክፍል ያደቀዋል፣ ጥቅጥቁ ክፍል ደግሞ ረጅም ልጥ ሆኖ ይነሳል። እያንዳንዱ ልጥ የአንድ ዓመት እድገት ነው። ውኃ ወይም ብርሃን ያጠረው ዛፍ ቀለበቱ እጅግ ቀጭን ስለሚሆን ልጡ ይሰበራል። ስለዚህ ቅርጫት ሠሪዎቹ ጫካ ውስጥ ካለው አሽ ሁሉ ለሥራ የሚሆነው ጥቂቱ ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ያንን ጥቂት የመለየት ዕውቀት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

አሁን ይህ ሁሉ አደጋ ላይ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በሚቺጋን፣ ዲትሮይት አካባቢ ከምሥራቅ እስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘ። አግሪለስ ፕላኒፔኒስ ይባላል፤ ርዝመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቅጠል መብላቱ ያን ያህል አይጎዳም። የሚገድለው እጩ፣ ማለትም ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ በተጠማዘዘ መስመር እየበላ ከቅጠል ወደ ሥር ምግብ የሚወርድበትን ሕብረ ሕዋስ ይቆርጣል። ዛፉ ከላይ ጀምሮ ይመናመናል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደርቃል። ጥንዚዛው የወጣበት ቀዳዳ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሌላው ክብ ነው፤ መለያው ይህ ነው። በራሱ ክንፍ ከሚሄደው ርቀት ይልቅ በሰው መኪና ተጭኖ የሚሄደው ይበልጣል፤ ያሰራጨው ከቦታ ቦታ የተጓጓዘ የማገዶ እንጨትና ችግኝ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ጥቁር አሽ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ገባ። በሩቅ ምሥራቅ የሚኖረው የማንቹሪያ አሽ ከዚሁ ጥንዚዛ ጋር አብሮ ኖሯል፣ ራሱንም ይከላከላል። ጥቁሩ አሽ ግን ከዚህ ጠላት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም ነበር። ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፦ እጩ በቤተ ሙከራ ውስጥ በተቆረጠ የዘይት ወይራ ግንድ ላይ፣ የእኛ ወይራ የቅርብ ዘመድ በሆነው፣ አድጎ መጨረስ እንደሚችል ተረጋግጧል። ወይራ ለምንወድ ሰዎች፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨትና ያልተመረመረ ችግኝ ከውጭ አለማስገባት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የጥቁር አሽ መሞት ያስከተለው ሌላው ነገር ግን ጎጃም ላለ ሰው ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል። ዛፉ ሲሞት ረግረጉ አልደረቀም፤ ውኃው ከፍ አለ። ቅጠል የያዘ ዛፍ በበጋ ቀን ከሥሩ ውኃ እየሳበ በቅጠሉ ወደ አየር ይለቅቃል። ጥቁር አሽ በብዛት ባለበት ቦታ ይህ መሳብ የከርሰ ምድሩን ውኃ በበጋ ዝቅ ያደርገው ነበር፤ የላይኛው አፈር አየር ያገኛል፣ ዘር ይበቅላል፣ ችግኝ ይይዛል። በሚኔሶታ ተመራማሪዎች ዛፎቹን ሆን ብለው ቆርጠውና ቅርፊታቸውን ዙሪያውን ልጠው የጥንዚዛውን ሥራ ሲያስመስሉ፣ ሙሉ በሙሉ በተቆረጠው ቦታ የበጋው ውኃ ከፍ ብሎ ቆየ። በእንደዚህ ያለ ቦታ ፊላና ረጃጅም ሣር ይወርሰዋል፣ የዛፍ ችግኝ ግን ታፍኖ ይሞታል። ከዚህ የተገኘው ምክር ግልጽ ነው፦ ጥንዚዛው ይመጣል ብሎ ጫካውን አስቀድሞ መመንጠር ጥፋቱን ማፋጠን ነው። አሹ በሕይወት ቆሞ ውኃውን ዝቅ እያደረገ ሳለ፣ ሌሎች ውኃ የሚችሉ ዛፎችን ከሥሩ መትከል ይሻላል።

እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጎጃም ውስጥ ከጮቄ ግርጌ እስከ ጣና ዳር፣ ከግሽ ዓባይ ምንጮች እስከ ግልገል ዓባይ አፍ ድረስ ያሉት ጨፌዎች የሚቸገሩት በውኃ ከፍታ አይደለም። ችግራቸው የሚጠጣባቸው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው። ጥቁር አሽ ዘግይቶ ለምልሞ ቀድሞ ስለሚያረግፍ የሚጠጣበት ወራት አጭር ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን ዝናብ በሌለበት ወራትም መጠጣቱን አያቆምም። ቀይ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጎርፍም ይችላል፤ ስለዚህ ሌላው በሚታፈንበት ቦታ ይይዛል። ይህ ጥንካሬው ነው ለጨፌ አደገኛ ያደረገው። ባሕር ዛፍን በደፈናው የምጠላ አይደለሁም። ለአጣና፣ ለማገዶና ለገበያ የጎጃም ገበሬ ያለ እሱ ይቸገራል። ቦታው ግን ቁልቁለትና የተራቆተ ኮረብታ እንጂ ምንጭ ራስጌና ጨፌ አይደለም።

ለዚህ ክርክር የሚጠቅመው መለካት ነው፣ መለካትም ውድ አይደለም። 2 ሜትር ርዝመትና 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ይወሰድ። የታችኛው 1 ሜትር በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ይበሳ፣ ጭቃ እንዳይሞላው በስስ ጨርቅ ይጠቅለልና ጫፉ ይደፈን። 1 ሜትር ከ70 ጥልቀት ያለው ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቧንቧው ይገባል፤ ዙሪያው በደቃቅ ጠጠር ይሞላል፣ የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ግን በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይዘጋል። ይህ ካልተደረገ የዝናብ ውኃ በቧንቧው ጎን እየወረደ ያልሆነ ቁጥር ይሰጣል። ከመሬት በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ ክዳን ይደረግለት፣ ልጆች ድንጋይ ይከቱበታል። ሦስት ቢተከል ጥሩ ነው፦ አንዱ ጨፌው መካከል፣ አንዱ ባሕር ዛፉ ጠርዝ ላይ፣ አንዱ ከዛፉ 40 ሜትር ያህል ርቆ በተመሳሳይ ከፍታ። በየወሩ በ1ና በ15 ቀን፣ ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ገመድ ከቧንቧው አፍ እስከ ውኃው ያለው ይለካና 30 ሴንቲ ሜትር ይቀነስለታል። በበጋ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቴ መለካትም ብዙ ያሳያል፤ ሥሩ ከውኃው የደረሰ ዛፍ አጠገብ ውኃው ቀን ዝቅ ይላል፣ ሌሊት መልሶ ከፍ ይላል። ዛፍ ቀን እንጂ ሌሊት ብዙም ስለማይጠጣ ነው። የአንድ ሙሉ ዓመት ቁጥር የያዘ ሰው ከጎረቤቱም ሆነ ከቀበሌው ጋር ሲነጋገር የሚያሳየው ነገር አለው።

ቧንቧ ለማይገኝበት አፈሩ ራሱ ይናገራል። በዶማ 60 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ ቀለሙን ማየት ነው። ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ አየር አለው። ግራጫ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ ካለበት ውኃው በክረምት ይወጣል፣ በበጋ ይወርዳል። ያለ ነጠብጣብ ሰማያዊ ግራጫ ከሆነና የበሰበሰ ዕንቁላል ከሸተተ አየር የማያገኝ መሬት ነው። የዋልካ መሬት ጥቁረቱ ነጠብጣቡን ስለሚሸፍን ያሳስታል፤ እዚያ ላይ ሽታውንና የሣሩን ዓይነት ማመን ይሻላል። ደንገልና ፊላ በቆመበት ዛፍ መትከል አያስፈልግም፤ ደንገሉ ራሱ የጨፌው ልብስ ነው፣ ታንኳም ይሠራበታል። ቄጠማ በሚበቅልበት፣ ክረምት ተጥለቅልቆ ከኅዳር በኋላ በሚረገጥበት ጠርዝ ላይ አኻያ፣ ዶቅማና ዘምባባ ይሆናሉ። ዘምባባው ለሆሣዕናና ለሰሌን ስለሚፈለግ ሰው ይጠብቀዋል። ከዚያ ከፍ ብሎ ውኃ በሚያሳልፈው መሬት ላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ብሳናና እሸ ይተከሉ፤ ወይራ ከሁሉም በላይ፣ እግሩ በማይረጥብበት። ብርብራ ዓሣ ከሚረባበት ኩሬ መራቅ አለበት፣ ዘሩ ዓሣ የሚያደነዝዝ መርዝ አለውና።

ከእነዚህ ሁሉ ዶቅማ ላይ ብዙ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ ለጎጃም ጅረት ዳር ከእሱ የሚሻል የምመክረው የለም። የሚገርመው ከባሕር ዛፍ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ለጋ ቅጠሉ ወደ ቀይ ያደላል፣ አበባው ነጭና ለንብ የተመቸ፣ ፍሬው ሲበስል ጥቁር ወይን ጠጅ ሆኖ ይበላል፣ እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ነው። ብዙ ችግኝ ጣቢያዎች የሚያጡት ግን በዘሩ አያያዝ ነው። እንደ ሌላው ዘር ፀሐይ ላይ አስጥቶ በከረጢት የሚያስቀምጥ ሰው የሚዘራው የሞተ ዘር ነው። የዶቅማ ዘር እርጥበቱን ካጣ ይሞታል። የበሰለ ፍሬ ቢቻል ከ10 ከሚበልጡ ተራርቀው ከቆሙ ዛፎች ይለቀም፤ ከአንድ ዛፍ ብቻ ከተለቀመ ችግኙ ሁሉ ወንድማማች ይሆናል፣ አንድ በሽታ ሁሉንም ሊያጠቃ ይችላል። ፍሬው በውኃ ታሽቶ ሥጋው ይውጣና ዘሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥላ ሥር ይዘራ። መጓጓዝ ካለበት በእርጥብ ሰጋቱራ አየር በሚያገኝ ቅርጫት ይሁን፤ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ይግላል፣ ይበሰብሳል። ለፕላስቲክ ቱቦው 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ይበቃል። ዘሩ በራሱ ውፍረት ልክ አፈር ይልበስ። ሥሩ ከቱቦው ሥር መውጣት ሲጀምር በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይከርከም፤ ካልተከረከመ መሬት ይይዝና ሲነሳ ዋናው ሥር ይበጠሳል። ከባሕር ዛፍ ስለሚዘገይ ሥራው ከተከላው ዓመት አስቀድሞ ይጀመር።

አኻያ ቀላል ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ 40 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቁራጭ ይወሰድና ሁለት ሦስተኛው እርጥብ አፈር ውስጥ ይተከል። ጫፉ እንዳይገለበጥ የታችኛው በሰያፍ፣ የላይኛው ቀጥ ብሎ ይቆረጥ።

የተከላ ጊዜ ላይ ልማዳችን ይጎዳናል። ሐምሌ ለኮረብታ ጥሩ ነው፣ ለጨፌ ጠርዝ ግን ችግኙን ገና ሥር ሳይሰድ ውኃ ውስጥ መክተት ነው። ለዚህ ቦታ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ ውኃው መሸሽ ሲጀምር ይሻላል፤ እርጥበቱ ከዚያ በኋላም ለወራት ይቆያል። በግንቦት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 1 ሜትር ስፋት ያለው የአፈር ጉብታ ተሠርቶ በክረምቱ ረግቶ እንዲቆይ ማድረግና ችግኙን ጉብታው ላይ መትከል ብዙ ያድናል። የጥቁር አሽ ችግኞችም ረግረግ ውስጥ የሚድኑት በተፈጥሮ ጉብታዎች ላይ ነው። ከብት መከልከል ግን ከሁሉ ይቀድማል። ቅጠሉን መብላቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ እርጥብ አፈር ላይ የሚረግጠው ሰኮና አፈሩን ይጠቀጥቅና የቀረችውን አየር ያስወጣል። ቢያንስ ሦስት ዓመት በእሾህ መታጠር አለበት፤ ሣሩ እየታጨደ ለከብት ቢቀርብ የወል ግጦሹ ባለቤቶችም አይከፉም።

ዝርያ መቀላቀል የማይታለፍ ነው። አዊ ውስጥ ከሰል ሠሪውን ሁሉ ያቋቋመው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዘመድ በቅርብ ዓመታት ዋግ መሳይ የዝገት በሽታ ሲመታው ማሳው ጎን ለጎን አንድ ዓይነት ስለነበር በሽታው የሚያቆመው አላገኘም። ጥንዚዛው አሽ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ምንጭ ራስጌ ላይ ባሕር ዛፍ ያለበት ሰው በአንድ ጊዜ ባያነሳው ይሻላል። ከምንጩ አጠገብ ያለው ረድፍ ይቅደም፤ ተቆርጦ ከተተወ ግን ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ብዙ ቅርንጫፍ ይዞ ይነሳል፣ ስለዚህ ጉቶው መነቀል ወይም ቡቃያው በየሁለት ወሩ መሰበር አለበት። በተለቀቀው ረድፍ ዶቅማና አኻያ እየተፈራረቁ በ3 ሜትር ርቀት ይግቡ። ቀጣዩ ረድፍ የሚነሳው እነዚህ ችግኞች ሁለት በጋ ካለፉ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የቆመው ባሕር ዛፍ ነፋስና ፀሐይ ይከላከልላቸዋል፣ አጣናውም በየተራው ገበያ ይወጣል። በየወሩ የሚለካው ቧንቧ ውኃው ምን ያህል እንደተመለሰ ያሳያል፤ በሁለተኛው በጋ ውኃው ካልተነሳ ከምንጩ በላይ ያለውን ቁልቁለት መመርመር ያስፈልጋል፣ ጠጪው እዚያ ሊሆን ይችላልና።